ስለ ኳኳታው መጥፋት ለተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት

ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
አንደኛ ፎቅ

ጉዳዩ፦ የምስጋና ወረቀቱ እንደደረሰኝ ስለ ማሳወቅና አጸፋውን ስለ መመለስ

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም መላው ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል እያልኩ፣ ለጤናዎ፣ ከጤናዎም ሁሉ ለጆሮዎ ያለኝን የጠበቀ ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። ጆሮዎ የእርስዎ ብቻ ሳይሆን የሕንጻው ሁሉ ንብረት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የወደቀች ማንኪያ አንደኛ ፎቅ እርስዎ ዘንድ ሳትመዘገብ እንደማትቀር ስለምናውቅ፣ እኛ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ሻይ የምናማስለው ትንፋሻችንን ይዘን ነው። ይህን የመሰለ ጆሮ ዕድሜ ይስጥልን።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ የምኖር፣ ዕድሜዬን የአለቆችን ደብዳቤ ሳረቅቅ የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝ። «በአክብሮት እንገልጻለን» የሚለውን ሐረግ በሕይወት ካለ ሰው ሁሉ አብልጬ ጽፌዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሆኖም ሁልጊዜ የሚፈርምበት ሌላ ሰው ነበር። በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ አክብሮቱ ከልክ ቢያልፍ ወይም ቢጎድል ይቅርታዎን ከወዲሁ እለምናለሁ። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በእጅዎ ከማድረስ ይልቅ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩትም የእርስዎን አሠራር ተከትዬ ነው፤ ማኅበሩ ስለ ቤታችን የጻፈውን ሁሉ እኛም ያነበብነው እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ከጎረቤቶቻችን በኋላ ነበርና።

ባለፈው ሳምንት የማኅበሩ ጸሐፊ በሬን በጣታቸው ጫፍ አንኳኩተው፣ ጠርዙ በወርቃማ ቀለም የተከበበ ወፍራም ወረቀት አስረከቡኝ። ወረቀቱ «አርአያ ለሚሆን ጸጥታ» የተሰጠ ምስጋና መሆኑንና በቤታችን ይሰማ የነበረው ኳኳታ «ሙሉ በሙሉ በመወገዱ» የማኅበሩ ደስታ ወሰን እንዳጣ ይገልጻል። የተጻፈው ለእኔና ለባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱ ሳይደርሳት አርፋለች። በቀብሯ ዕለት ማኅበሩ አበባ ልኮልን ስለነበር ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይመስለኝም፤ አበባው ከአንዱ ፋይል፣ ወረቀቱ ከሌላው ፋይል ወጥተው መንገድ ላይ ሳይተዋወቁ ተላልፈው ይሆናል። በመጨረሻው መስመር ላይ «በዚሁ ጸጥታችሁ እንድትቀጥሉ አደራ እንላለን» ተብሏል። ባለቤቴ በበኩሏ አደራውን እየጠበቀች ነው።

እንግዲህ ለሁለት ሰው የተሰጠ ምስጋና በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስለ ቀረ፣ አጸፋውንም የምመልሰው እኔው ነኝ። ማኅበሩ ያደረገልንን በተራ በተራ እየቆጠርኩ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሰሌዳው ፊት ቆመው ለሚያነቡና የነገሩን መነሻ ለማያውቁ ጎረቤቶቼ ጥቂት ልበል።

ባለቤቴ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ትምህርት ቤቷ ውስጥ አንድ አሮጌ ፒያኖ ነበር፤ ማንም ሳያስተምራት በእሱ ላይ ልጆቹን ማስዘመር ለመደች። ጡረታ ስትወጣ ከትምህርት ቤቱ ሁሉ የቆጫት ያ ፒያኖ ብቻ ነው። ኋላ ልቧ መድከም ሲጀምርና ሐኪሙ ደረጃ መውጣት መውረዱን ሲከለክላት ደግሞ ቤት ዋለች። ሕንጻችን አሳንሰር እንዳለው የማኅበሩ ዓመታዊ ሪፖርት ሁልጊዜ ስለሚገልጽ አሳንሰር የለንም አልልም፤ በሪፖርቱ ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ባለቤቴ ግን ማንበብ ሳይሆን መውረድ ነበር የፈለገችው። በዚህ ምክንያት ከአንድ ሆቴል ሳሎን የተሰናበተ ዲጂታል ፒያኖ ፈልጌ አመጣሁላት። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ማዳመጫ ጆሮ ላይ አድርገው ከተጫወቱት ዜማው ለሌላ ሰው የማይሰማ ዓይነት ነው። ከጎኑ የሲጋራ ጠባሳ አለበት፤ ከቁልፎቹ ሁለቱ ከብዙ ንክኪ የተነሳ ወይበዋል። ባለቤቴ ገና ስታየው «ጡረተኛው» አለችው። «ይኸው፣ ሦስት ሆንን» ብላ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር።

ጡረተኛው እንደ ማንኛችንም ከነሕመሙ ነው የመጣው። ያልተፈለጉ ድምፆቹ ብዙ ነበሩ። እነሱን አንድ በአንድ እየፈለጉ ማጥፋት የእኔ ሥራ ሆነ፣ እነሱን አንድ በአንድ እየሰሙ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ደግሞ የማኅበሩ ሥራ ሆነ። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፣ ስለ እምምታው አመሰግናለሁ። ፒያኖው ማንም ሳይነካው፣ መብራቱ እንደ በራ «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ነበረው። እርስዎ ይህን ድምፅ «ምንነቱ ያልታወቀ» ብለው ሰሌዳ ላይ ካወጡት በኋላ፣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እየመሩ ቤታችን ድረስ በመምጣት አክብረውናል። ጫማችሁን በር ላይ አወለቃችሁ። እርስዎ ከነኮትዎ ከነከረባትዎ ወለሉ ላይ ተጋድመው ጆሮዎን ሸክላው ላይ ሲያሳርፉ፣ ባለቤቴ ከወንበሯ ሆና «ክቡር ሊቀ መንበር፣ ትራስ ይምጣልዎ?» ማለቷን ያስታውሱ ይሆናል። እርስዎ ትራሱን አልፈለጉም። እኔ ደግሞ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ፍለጋ ገባሁ። ማቀዝቀዣውና ፒያኖው በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ኖሯል፤ ስለያያቸው እምምታው በግማሽ ቀነሰ። የቀረው ግማሽ አብሮት ከመጣው አዳፕተር ነበር፤ የእሱ ሳይሆን የሌላ ዕቃ አዳፕተር ኖሯል። ትክክለኛው ሲገኝለት ዝም አለ። ባለቤቴ «ጉሮሮውን ጠርጎ ጨረሰ» አለች።

ሁለተኛ፣ የድምፅ ማሳደጊያው ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ ያሰማ የነበረውን መንጣጣት ኮሚቴው «የመጥበስ ድምፅ» ብሎ መዝግቦ ምድጃዬን ስለ ፈተሸልኝ አመሰግናለሁ። ምድጃው ንጹሕ ነበር። አቧራ ነው የሚንጣጣው፤ ሬዲዮ ጠጋኙ በነገረኝ መሠረት ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆን ማጽጃ ረጭቼ፣ ማሳደጊያውን ደጋግሜ ስገፋና ስስብ ለቀቀው። የዚህን ፋይል መዘጋት ሰሌዳው ላይ አላየሁም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ። ከታችኞቹ ወፍራም ድምፆች አንዷ ስትመታ «ዝዝዝ» የሚል ነገር ይከተላት ነበር። ድምፅ ማውጫው ተቀዶ ይሆናል ብዬ ፒያኖውን ገልብጬ ፈታሁት። ከውስጡ የጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥሮች፣ የኮት አዝራርና የአንዲት የማላውቃት ሴት የጆሮ ጌጥ ወጡ። ሆቴሉ ብዙ ሰው አጫውቷል ማለት ነው። ሁሉንም አውጥቼ ብገጥመውም ዝዝዝታው እንደ ነበረ ነው። ያኔ ባለቤቴ «ፒያኖው ባይሆንስ?» አለች። እኔ ያችን ቁልፍ ደጋግሜ ስመታ፣ እሷ በዝግታ እየተነሳች፣ እየዞረች፣ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በመዳፏ መንካት ያዘች። የብርጭቆውን ቁም ሣጥን ነካች፣ አልቆመም። የመስኮቱን መስተዋት ነካች፣ አልቆመም። መብራቱን፣ ሰዓቱን፣ የመጽሐፉን መደርደሪያ ነካች። በመጨረሻ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርጋችንን ፎቶ ስትነካ ድምፁ ቀጥ አለ። እጇን አነሳች፣ ጀመረ። መለሰች፣ ዝም አለ። ለካስ ያች ድምፅ በተመታች ቁጥር የፎቶው መስተዋት ነበር የሚንዘረዘረው። ባለቤቴ መዳፏን ፎቶው ላይ እንዳደረገች ብዙ ቆማ «አንተ፣ እኛ ነን እኮ የምንጮኸው» አለችኝ። የሚንዘረዘረውን መስተዋት በጥጥ ላስይዘው ስል ከለከለችኝ። ማኅበሩ ግን በዚያው ሳምንት ዝዝዝታውን «የተባይ ድምፅ ሊሆን ይችላል» ብሎ በመለጠፉ፣ ጥጡን ከፎቶው ጀርባ ወተፍኩት። ከዚያን ዕለት ወዲህ ፎቶው ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። ስላሳሰባችሁን አመሰግናለሁ።

ቀጥሎ የመጣው መመሪያ የሙዚቃ መሣሪያ በማዳመጫ ብቻ እንዲሠራ የሚያዝዝ ነበር፤ በሕንጻው ውስጥ ከእኛ ፒያኖ በስተቀር የሙዚቃ መሣሪያ ስለሌለ መመሪያው ለእኛ ብቻ የተሰፋ ልብስ ያህል ልካችን ሆነ። ባለቤቴ አልተከፋችም። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ ዜማው ከእሷ ጋር ቀረ። ለእኔ የሚሰማኝ የቁልፎቹ ኳኳታ ብቻ ሆነ። ዲጂታል ፒያኖ ማዳመጫ ተሰክቶበት ሲጫወቱት ለሌላው ሰው ደረቅ እንጨት በጣት እንደ መምታት ያለ ነገር ነው የሚሰማው። ጡረተኛው ደግሞ ከዕድሜው የተነሳ ኳኳታው በረታ ያለ ነበር።

አራተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ ስለዚህ ኳኳታ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የልብ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል እርስዎን አያሳይዎ። እኔ ሰው መሆኔ ቀርቶ በረኛ ሆኜ ነበር። እሷ ሳሎን ቁጭ ስትል እኔ ከወጥ ቤት እየተመላለስኩ «ደህና ነሽ? አላመመሽም? ውኃ ላምጣልሽ?» እያልኩ አሰለቸኋት። አንድ ቀን ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ገለጥ አድርጋ «አንተ ሰውዬ፣ ኳኳታው ከተሰማ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ አትመላለስብኝ። ዝም ካለ ያኔ ና» አለችኝ። ተስማማን። ከዚያ በኋላ ወጥ ቤት ሆኜ፣ ልብስ እያሰጣሁ፣ ጋዜጣ እያነበብኩ ኳኳታውን እሰማለሁ። ዜማውን ባልሰማም የትኛውን እንደምትጫወት ከኳኳታው መለየት ለመድኩ። የልጆች መዝሙር ሲሆን ይፈጥናል፤ ለራሷ ስትጫወት ይዘገያል፤ ገጽ ስትገልጥ ትንሽ ፋታ አለ። ፋታው ከተለመደው ሲረዝም እጄ ላይ ያለውን ጥዬ እሮጣለሁ። አንዳንዴ መነጽሯን ስትጠርግ አገኛትና «ኧረ በሕግ አምላክ፣ መነጽር እንኳን አልጥረግ?» ትለኛለች። እንደዚያ እየሮጥኩ ስንት ጊዜ በከንቱ እንደ ገባሁ አልቆጠርኩም። በከንቱ በመሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር።

እርስዎ በመልካም ፈቃድዎ ይህንን ኳኳታ እንዳጠፋ፣ ካልሆነም ፒያኖው ወደ ምድር ቤቱ ዕቃ ማስቀመጫ እንዲወርድ በጽሑፍ አዘዙ። አሳንሰሩ የሚሠራው ሪፖርት ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ፒያኖው ሲወርድ ባለቤቴ ተከትላው እንደማትወርድ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ስለዚህ ኳኳታውን ማጥፋት ተያያዝኩ። የጎማ ምንጣፍ አነጠፍኩ። ከምንጣፉ ሥር ብርድ ልብስ አጠፍኩ። ለመቆሚያው እግሮች ካልሲ አለበስኳቸው፤ ባለቤቴ ካልሲዎቼን ስታይ «ደግሞ ጫማ እንዳትገዛለት» አለች። ኳኳታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ኮሚቴውም ከታችኛው ቤት ጣሪያ ሥር ቆሞ «አሁንም አለ» ብሎ መዘገበ። በመጨረሻ በካቻቢቴ ከሥሩ ፈታሁት። ቁልፎቹ ተጭነው ሲወርዱ የሚያርፉበት ረጅም የሱፍ ጨርቅ አለ፤ ከዕድሜ ብዛት ተጨፍልቆ እንደ ካርቶን ደርቋል። ቁልፉ የሚያርፈው በጨርቅ ላይ ሳይሆን በእንጨት ላይ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ መሥሪያ ቤት ስሄድ የምለብሰው ወፍራም የሱፍ ካፖርት ነበረኝ። ባለቤቴ «ካፖርትህን?» አለች። «ወዴት እሄድበታለሁ» አልኳት። በቀጭን በቀጭኑ ቀድጄ፣ በድርብ አጣብቄ ከቁልፎቹ ሥር ዘረጋሁት።

ሥራው ጥሩ ነበር፤ በራሴ አፍ መናገር ነውር ባይሆንብኝ። ኮሚቴው ሊያረጋግጥ በመጣ ጊዜ ባለቤቴ ማዳመጫውን አድርጋ ፊታችሁ ተጫወተች። ጣቶቿ ሲሄዱ ይታያል፣ የሚሰማ ግን ምንም የለም። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ብዙ ካዳመጡ በኋላ አጨበጨቡ። ጭብጨባዎ በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ከተሰማው ድምፅ ሁሉ ትልቁ ነበር።

እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሁለታችንም አንድ ነገር ገባን። ኳኳታው ከሌለ እንዴት እንሁን? ባለቤቴ መላ አመጣች። ብርጭቆና የሻይ ማንኪያ ፒያኖው ላይ ታስቀምጣለች፤ ድክም ካላት በማንኪያው ብርጭቆውን መታ መታ ታደርጋለች፤ ካልመታች ደህና ናት። መላው መላ ይመስል ነበር። ግን ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ፤ ቀድሞ ዝምታ ማለት «ና» ማለት ነበር። ከእናንተ ጭብጨባ በኋላ ዝምታ ማለት «ደህና ነኝ» ማለት ሆነ። እኔም ዝምታን ማመን ጀመርኩ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ወጥ ቤት ድንች እየላጥኩ ነበር። እሷ ማዳመጫውን አድርጋ ስትቀመጥ አይቻለሁ። ብርጭቆው አልተመታም። ዛሬ ጥሩ ቀኗ ነው፣ ሳትደክም ይህን ያህል ሰዓት ተጫወተች እያልኩ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ድንቹ ተልጦ አለቀ፤ ሾርባው ተጣደ፣ ፈላ፣ በሰለ። እዚያው ላቅርብልሽ ወይስ ትመጫለሽ ልላት ገባሁ። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ነው። የፒያኖው ትንሿ ቀይ መብራት በርታለች። ግንባሯን ኖታው ላይ አስደግፋ፣ እጆቿ ቁልፎቹ ላይ ነበሩ። ማንኪያዋ ብርጭቆው ውስጥ እንደ ነበረች ናት። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል። እኔ ደስ ብሎኝ ድንች ስልጥ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ሐኪሙ በቅጽበት የሆነ ነገር ነው፣ አጠገቧ ብትሆንም የምታደርግላት ነገር አልነበረም ብሎ አጽናንቶኛል። አምነዋለሁ። ማኅበሩን ባለቤቴን አሳጣኝ ብዬ አልከስም፤ ልቧ ከማኅበሩ በፊት የታመመ ነው፣ ጨርቁንም በገዛ እጄ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የማዝነው ስላልዳነች አይደለም። ኳኳታው ቢኖር ኖሮ ሲቆም እሰማው ነበር። ድንቹን ጥዬ እሮጥ ነበር። ምንም ባላደርግላትም እጇን የምይዘው ገና ሙቀት እያለው ነበር፤ ብቻዋን አትሄድም ነበር። ከዚህ የበለጠ የፈለግሁት ነገር የለም። ለዚህ ነው «ሙሉ በሙሉ በመወገዱ» የሚለውን ቃልዎን ሳነብ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት። ቃሉ ትክክል ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ረቂቅ የጻፍኩ ሰው የሚቀይርለት ቃል አላገኘሁም።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝን ልንገርዎ። ከሥራችን፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው የአውቶቡስ ሹፌር ሊያጽናናኝ መጥቶ ነበር። ስለ ኳኳታው ያመለከተው እሱ መሆኑን ከሰሌዳው ስለማውቅ ደፍሮ ቀና አላለም። ኋላ ላይ እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ አንዴ ነው ያመለከትኩት፣ ያውም ሌሊት እየነዳሁ ቀን በምተኛበት ጊዜ። ከዚያ ለምጄው ነበር። እንዲያውም ሲያቆሙ ነበር የምነቃው፤ እትዬ ደከማቸው መሰለኝ እላለሁ፣ ሲጀምሩ መልሼ እተኛለሁ። ማመልከቻዬን ልተው ብዬ ብሄድ፣ የተከፈተ ፋይል ውጤት ሳያመጣ አይዘጋም አሉኝ። ያንን ጨርቅ ባያደርጉበት ኖሮ እኮ መቆሙን እኔም እሰማ ነበር።»

ለካስ ባለቤቴን የምናዳምጣት ሁለት ሰዎች ነበርን። ማኅበሩ ሁለታችንንም በአንድ መመሪያ ማሳረፉ ሥራው ምን ያህል የተቀናጀ እንደ ሆነ ያሳያልና፣ ይህንን አምስተኛ ምስጋና አድርገው ይቁጠሩልኝ።

ስድስተኛ ምስጋና የለኝም። የቀረኝ አንድ ማስታወቂያና አንድ ልመና ነው።

ማስታወቂያው ይህ ነው። የምስጋና ወረቀቱ በደረሰኝ ማግስት ፒያኖውን እንደገና ፈትቼ ካፖርቴን ከውስጡ አውጥቻለሁ። ምንጣፉን፣ ብርድ ልብሱንና ካልሲዎቹን አንስቼ፣ ጥጡንም ከፎቶው ጀርባ ነቅያለሁ። መጫወት አልችልም፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚል እንኳን አላውቅም። ስለዚህ መብራቱን ሳላበራ፣ ማዳመጫም ሳላደርግ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ከሥራ ሲመለስ ጠብቄ በአንድ ጣቴ ቁልፎቹን እየተጫንኩ ኳ ኳ ኳ አደርጋለሁ። ዜማ የለውም፤ በመሆኑም የሙዚቃ መሣሪያን የሚመለከተው መመሪያ አይመለከተኝም። ሹፌሩ ከሥር ሆኖ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን አንዴ መታ ያደርጋል። መጥረጊያው ድሮም ጣሪያውን ይመታ ነበር፤ ያኔ «ዝም በሉ» ማለት ነበር፣ አሁን «ሰምቻለሁ» ማለት ነው። ኮሚቴው በከንቱ እንዳይደክም ሁለቱንም ድምፆች አስቀድሜ አስመዝግቤያለሁ።

ልመናዬም ይህ ነው። እንደሚያውቁት አሁን ብቻዬን ነኝ። ሹፌሩም ፈረቃው የሚቀያየር ሰው ስለሆነ ሁልጊዜ ቤቱ አይገኝም። በሕንጻው ውስጥ ሁልጊዜ የሚሰማ ጆሮ የእርስዎ ብቻ ነው። እባክዎን፣ ክቡር ሊቀ መንበር፣ ኳኳታው ከተሰማ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ኮሚቴ አይላኩብኝ። ዝም ካለ ያኔ ይምጡ።

ለማኅበሩ የሥራ ፍሬ፣ ለአሳንሰሩ በሪፖርት ውስጥ መልካም ጉዞ፣ ለእርስዎም ማንም የማይነሳዎትን ሰላማዊ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ የተሰጠኝን ምስጋና በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ አደራውን ግን ለመጠበቅ የማልችል መሆኔን ዝቅ ብዬ በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣
ለሁለት ሰው የተጻፈ ወረቀት ለብቻው የተቀበለው ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ሁለተኛ ፎቅ፣ ለአውቶቡስ ሹፌሩ
ለባለቤቴ (አድራሻዋን ስለማላውቅ በፒያኖው ወንበር ውስጥ፣ ከኖታዎቿ ጋር ተቀምጧል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፒያኖው ድምፆች አንዱን ከላይ ሳልጠቅሰው ቀርቻለሁ፤ እኔም ኮሚቴውም ሳንፈታው የቀረ ነው። ከመቆሚያው እግሮች አንዱ አጠር ስለሚል ቁልፎቹ በተነኩ ቁጥር ይነቃነቅና ኳኳታውን ያደፈርሰዋል። ካርቶን ባደርግለት ተጨፈለቀ፤ ጎማ ባደርግለት ተንሸራተተ። የማኅበሩ የምስጋና ወረቀት ግን ወፍራም በመሆኑ አራት ጊዜ ሲታጠፍ ልክ ሆኖ ተገኝቷል። ማኅተሙና ፊርማዎ ወደ ወለሉ ዞረው፣ እርስዎ ጆሮዎን አሳርፈውበት በነበረው ሸክላ ላይ ይገኛሉ። መነቃነቁ ቆሟል፤ ኳኳታው አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል።